አሳባቂ የተባለ ወይን

መስከረም 14

ለተከበርከው ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህንና ዕድሜህን ፈጣሪ ይጠብቅልህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሱቄም ደህና ነው። ስልክ ላይ የተባለ ነገር አይታረምም ብለህ ስልክ እንደማትወድ ስለማውቅ፣ ይኸው በወረቀት መጣሁ።

ነገሩ አጭር ነው። አባቶቻችን ይሠሩበት ከነበረው የወይን ጠጅ ፋብሪካ ጋር ተስማምቻለሁ። ከታችኛው ማሳ የሚወጣውን ቀይ ወይን እኔ በመረጥኩለት ስም አሽገው ይልኩልኛል፤ እኔ እዚህ እሸጠዋለሁ። ፍሬውን ታስታውሰዋለህ፤ ውስጡ ሳይቀር ቀይ የሆነው፣ የነካውን እጅ ሁሉ የሚያቀልመው። ማሳው ጫፍ ላይ ያለው ሰሌዳ ሳፔራቪ ይላል፤ ሠራተኛው ግን እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ አሳባቂ ነው የሚለው። እኔም አሳባቂ ብዬዋለሁ። ቋንቋችንን የሚያውቁ ደንበኞቼ ስሙን ሲሰሙ ይስቃሉ። የሳቀ ደግሞ ይገዛል።

ከጠርሙሱ ጀርባ የሚለጠፈውን ራሴ ጻፍኩት። እኔ አማርኛ መጻፍ ካቆምኩ ዘመን አልፏል፤ ከቤተሰቡ የሰው መጽሐፍ ሲያርም የኖረ ደግሞ አንተ ብቻ ነህ። ፊደሉን ብቻ እይልኝ፦

«አሳባቂ። ቀይ ወይን። ስሙን ያገኘው በገዛ ወንድሙ ላይ ካሳበቀ የፋብሪካ ዘበኛ ነው። ሰራተኛው ፍሬውን በዘበኛው ስም ጠራው፤ ሁለቱም የነካቸውን ያቆሽሻሉና።»

ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀኝ ስለሆነ ቶሎ ብትልክልኝ ደስ ይለኛል። አባትህን ሰላም በልልኝ።

የአጎትህ ልጅ


መስከረም 29

ለአጎቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ በሕይወት አለሁ፤ አባቴም በሕይወት አሉ። ሁለተኛውን የዘነጋሽው ስለመሰለኝ ነው ከሁሉ ያስቀደምኩት።

እርማት ጠይቀሻል፤ እርማትሽ ይኸውልሽ። «ሠራተኛ» በንጉሡ ሠ ይጻፋል። «ወይን» ፍሬው ነው፤ ተጨምቆና ተብላልቶ ጠርሙስ የሚገባው «የወይን ጠጅ» ይባላል። «ያቆሽሻሉ» ያልሽውም ቦታውን የሳተ ቃል ነው። ቆሻሻ በውሃ ይለቃል፤ ይህ ፍሬ ግን ያቀልማል፣ ቀለሙም ሳምንት ሙሉ ጥፍር ሥር ይከርማል። ፊደሉ ይህን ይመስላል። አሁን ወደ ውሸቱ ልሂድ።

ሳፔራቪ በመጣበት አገር ቋንቋ ማቅለሚያ ማለት ነው፤ ቀለም የሚሰጥ ነገር። ትክክለኛ ስም ነው። ቀይ ከሚባሉት ወይኖች አብዛኞቹ ሲጨመቁ ጭማቂያቸው ነጣ ያለ ነው፤ ቀለማቸው ያለው ልጣጫቸው ላይ ነው። ይህኛው ግን እስከ ውስጡ ቀይ ነው። ሰዎቹ ያዩትን አይተው ያዩትን ጠሩ። አሳባቂ ግን ሌላ ነገር ነው። ጦር ይሰበቃል፤ ነገርም ይሰበቃል። ማሳበቅ ምላስ ይፈልጋል፣ የሚሰማ ጆሮ ይፈልጋል፣ የሚሳበቅበት ሰው ይፈልጋል። ጆሮ ጠቢ እንኳ ከአሳባቂ ይሻላል፤ ጆሮ ጠቢ ተከፍሎት ነው፣ አሳባቂ በነጻ ነው። ይህን ሁሉ የወይን ዘለላ ሊሸከመው አይችልም።

የተሸከመው ሰው ነው። ያ ዘበኛ አባቴ ናቸው፤ ከእኔ መኝታ ቀጥሎ ባለው ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና መንገዱን የሚያሳይ አንድ መስኮት ይዘው ይኖራሉ። ሰማንያን አልፈዋል። ጠዋት ጠዋት ከሱቁ ዳቦና ጋዜጣ ራሳቸው ይገዛሉ። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ የምጠራው «የአሳባቂው ልጅ» ተብዬ ነበር፤ ስሜን በትክክል የሚያውቀው ስም የሚጠራው መምህር ብቻ ነው። ይህ ቃል በቤቴ አይነገርም። መዝገበ ቃላት ስናርም እንኳ ያ ገጽ ሲመጣ ለባልደረባዬ አሳልፌ ሰጥቻለሁ፤ በሥራ ዘመኔ ያላረምኩት ገጽ እሱ ብቻ ነው።

አንቺ አሁን ቃሉን ጠርሙስ ላይ ለጥፈሽ፣ ለሰካራም መሳቂያ አድርገሽ፣ ፊደሉን እንዳስተካክልልሽ ወደ እኔ ትልኪያለሽ። ሞኝነት ነው እንዳልል ሞኝ አይደለሽም። ስሙን ከጠርሙሱ ላይ አንሺው። ሳፔራቪ በይው፤ ካማረሽ ማቅለሚያ በይው። ሰላምታሽን ለአባቴ አላደረስኩም።

የአጎትሽ ልጅ


ኅዳር 20

ለአራሚው፣

ጤና ይስጥልኝ ብለሃል፤ ይስጥህ። የዘገየሁት ደብዳቤህን ደጋግሜ ሳነብ ነው። ልጆች ሆነን «ነጠላ ሰረዝ» የምንልህ ለምን እንደነበር አስታወስከኝ። ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ መሐሉ ትገባ ነበር።

«የወይን ጠጅ» ያልከውን አስተካክያለሁ። «ያቆሽሻሉ» ግን ባለበት ይቆያል። ሳፔራቪ ምን ማለት እንደሆነ ከአንተ አልማርም፤ ወይን የምሸጠው እኔ ነኝ። ዕቃ የሚጠራው የሚያውቁት ሰዎች ባወጡለት ስም ነው፤ ያወቁት ደግሞ አሳባቂ አሉት። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ሲባል አልሰማህም?

አንተ ትምህርት ቤት የአሳባቂው ልጅ ተባልክ። እኔ የሌባው ልጅ ተባልኩ። ልዩነቱን ልንገርህ። አንተ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባትህ የፋብሪካውን ኮፍያ እንዳደረገ ቤት ታገኘው ነበር። የእኔ አባት እስር ቤት ነበር። ከፋብሪካው ግቢ አስወጡን፤ አውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል ገባን፣ እናቴ የሰው ልብስ ታጥብ ጀመር። አባቴ ሲፈታ የሚቀጥረው ጠፋ። አንድ ጠብታ የማያሾልክ በርሜል ይሠራ የነበረ እጅ የሳሙና ሣጥን ሲቸነክር አለቀ። አባትህ አንድም ቀን ደጃችንን አልረገጠም። አንተም እንደዚያው።

አባቴ ስለዚያ ቀን ሲነሳበት ዝም ነበር የሚለው። ሊሞት ሲል አንድ ጊዜ ብቻ፣ እኔ ጠይቄው፣ «በሩ ላይ የቆመው ወንድሜ ነበር» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ለእኔ ግን ይበቃል።

አንተ ማስረጃ ትወዳለህ አይደል? እንግዲያው ጠይቀው። «አላሳበቅኩም» ይበለኝ፤ በአንተ አፍ ሳይሆን በራሱ አፍ። ያን ቀን ስሙን አነሳለሁ። ጽሑፉ ታትሟል፤ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ወደዚያ በሚመጣ ሾፌር እጅ ልኬዋለሁ። የላክሁት ለአባትህ ነው፤ አንተ እንዳትነካው።

ቡሽ
(ይህን ስም ያወጣልኝም አባትህ ነው)


ታኅሣሥ 11

ለወይን ነጋዴዋ፣

ሰላምታ ከፈለግሽ ከመጨረሻው ፈልጊ፤ ካለ።

በመጀመሪያ እርማት። በደብዳቤሽ አባቴን «እሱ» ብለሻል። «እሳቸው» ነው።

ጠርሙስሽ ደርሷል። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ሾፌሩ የበሩን ደወል ሲደውል የከፈቱለት አባቴ ናቸው። ማታ ስገባ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፣ ጠርሙሱ ከፊታቸው ነው፣ የመድኃኒት ወረቀት የሚያነቡበት አጉሊ መነጽር በእጃቸው ነው። አንብበው ጨርሰዋል። ጠርሙሱን ላነሳው እጄን ስዘረጋ፣ «አስቀምጠው፤ ለእኔ የተላከ ነው፤ ስሜ አለበት» አሉኝ።

ከዚያ ሳቁ። አባቴ ሲስቁ ካየሁ ቆይቻለሁ፤ ያሳቃቸው ደግሞ የአንቺ ስድብ መሆኑ አበሳጨኝ። ቡሽ ናት የጻፈችው ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ አዎ አልኩ። ጽሑፉ ግን ተገልብጦባታል አሉ።

የነገሩኝን በቅደም ተከተሉ እጽፍልሻለሁ፤ አንድም ቃል አልጨመርኩም። ያን ጊዜ ሠራተኛ ከፋብሪካው ሲወጣ ፍሬ እንዳልሰረቀ እንዲታወቅ በሩ ላይ እጁን ያሳይ ነበር። ለሌላው ወይን ይህ ከንቱ ሥራ ነው፤ ነጣ ያለ ጭማቂ እጅ ላይ ምልክት አይተውም። የታችኛው ማሳ ፍሬ ግን ይተዋል። በዚያ ማሳ የሚለቅሙት ተለይተው ስለሚታወቁ የእነሱ እጅ ቢቀላ ማንም አይጠይቅም። አባትሽ በርሜል ሠሪ ነበር፤ ከማሳው የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። በዚያ ምሽት ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ መጣ። አባቴ አዩት፣ ኪሱንም አዩት፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው «እለፍ» አሉት። ከኋላው የሥራ አስኪያጁ መኪና በሩ እስኪከፈት ቆሞ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ ያ ሰውዬ እጁን ለምን አላሳየም ብሎ ጮኸ። አባትሽ እጁን አወጣ። እስከ አንጓው ድረስ ቀልቷል። የተሰረቀ ፍሬ የሞላበት ጆንያ ከበርሜሎቹ ጀርባ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

በማግሥቱ ሠራተኛው አባቴን ከበባቸው። በወንድምህ ላይ ለምን አሳበቅህ ተባሉ። አባቴም፣ «እኔ አፌን አልከፈትኩም፤ ያሳበቀው ወይኑ ነው» አሉ። ሰው በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍሬው አሳባቂ ተባለ፤ አባቴ በበሩ ሲያልፉም «የአሳባቂው ጌታ» ይሏቸው ጀመር። ቆየት ሲል «ጌታ» የሚለው ቀረ።

እንግዲህ ገባሽ? ቃሉን ለዚያ ፍሬ በመጀመሪያ የተጠቀሙበት አባቴ ናቸው። ፍሬው በዘበኛው ስም አልተጠራም፤ ዘበኛው በፍሬው ስም ተጠራ። አንቺ እንደ ስድብ የለጠፍሽው ቃል የእሳቸው መከላከያ ነበር። ማሳበቅ ምላስ ይፈልጋል ብዬሽ ነበር፤ የአባቴ ቀልድ ቁም ነገሩ እኮ ምላስ የሌለው ነገር ማሳበቁ ነው።

ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው። «መቼ ጠየቅኸኝ? አንተ ቃሉን ከቤት አባረርከው፤ እኔ አብሬው ኖርኩ» አሉኝ።

አንቺን ግን የምልሽ አለኝ። በአፋቸው ይበሉኝ ብለሽ ነበር፤ በአፋቸው ብለዋል። ስሙን አነሳለሁ ያልሽውን ተይው፤ ስሙ እንዳይነሳ። አሁን ስሙ የእኛ ነው። የሚነሳው ከጀርባው ያለው ውሸት ነው። እርማት ጠይቀሽ አልነበር? ሙሉ እርማቱ ይኸው፦

«አሳባቂ። ቀይ የወይን ጠጅ። ስሙን ያወጣለት አንድ የፋብሪካ ዘበኛ ነው። ፍሬው የቀጣፊውን እጅ ስለሚያቀልም፣ ሰው ባይናገርም ወይኑ ይናገራል።»

የአባትሽን ስም አላስገባሁም፤ ይህን እንደ ደግነት ቁጠሪው። አባቴ አዲሱ ጠርሙስ መቼ ይመጣል እያሉ ይጠይቁኛል። በፍጥነት አሳትሚው። የላክሽውን ጠርሙስ አልከፈቱትም፤ ትክክለኛው ሲመጣ እከፍታለሁ ብለዋል።

የዘበኛው ልጅ


የካቲት 25

ለአራሚው፣

ስሙን አንስቻለሁ።

ብዙ የምጽፈው የለኝም። የቀሩትን ጠርሙሶች ወረቀት ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ በሙቅ ውሃ አላቀቅሁ፤ አሁን ሳፔራቪ ይላሉ፤ ከጀርባቸው ምንም የለም። ደስ ይበልህ፤ መጀመሪያ የጠየቅኸኝ ይህንን ነበር። ትክክለኛ ስም ነው ያልከውም አንተው ነህ። ማሳበቅ ምላስ ይፈልጋል፣ የወይን ዘለላ አይሸከመውም ያልከውም አንተው ነህ። ያንን ደብዳቤህን አስቀምጬዋለሁ፤ ከፈለግህ እልክልህና ራስህን ታርማለህ።

በርሜል ሠሪ እጁ የማይቀላው መቼ ነው? የኖረ በርሜል ሲፈታ ሣንቃው በወይን የራሰ ነው። ይህን ዘበኛም ያውቃል። አባትህ አርጅቷል፤ ሰው ሲያረጅ እንደሚመቸው ያስታውሳል። የሚመሰክርበት ሰው ደግሞ ሞቷል። ሟች «እጄን እዩልኝ» አይልም።

ቀጣፊ ብለህ ጽፈሃል። ስሙን አላስገባሁም ብለህ እንደ ውለታ ቆጠርክልኝ። የእኔን ደንበኞች አታውቃቸውም። ቡሽ የማን ልጅ እንደሆነች፣ አባቷ የት ይሠራ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። አባቴን በየጠርሙሱ ለጥፌ ሌባ ነው እያልኩ ገበያ አላወጣውም። የአንተ አባት ስሙ እንዲጸዳ የእኔ አባት እንደገና አይታሰርም።

ሌላ ደብዳቤ አትጻፍልኝ።

የበርሜል ሠሪው ልጅ


መጋቢት 17

ለበርሜል ሠሪው ልጅ፣

አትጻፍ ብለሽኝ ነበር። እኔም ልጽፍልሽ አልፈለግሁም፤ እንድጽፍ የታዘዝኩ ሰው ነኝ።

ደብዳቤሽ የመጣ ዕለት አባቴ ፖስታውን በእጄ አይተው አንብብልኝ አሉ። አዲሱ ወረቀት የታተመ መስሏቸዋል። ጥቂት መስመሮችን ዘልዬ ልነበንብላቸው ሞከርኩ፤ ወዲያው ገባቸው። «አንተ እያነበብህ ስትዘል ድምፅህ ይፈጥናል» አሉኝ። ስለዚህ ሁሉንም አነበብኩላቸው፤ እንደሚመቸው ያስታውሳል ያልሽውን ጭምር።

እንደሚቆጡ ጠብቄ ነበር። እኔማ ደብዳቤሽን ሳልጨርስ መልስ በጭንቅላቴ እየጻፍኩ ነበር። የደረቀ የበርሜል ወይን እጅ ላይ ቡናማ ነው፤ የዚህ ፍሬ ትኩስ ጭማቂ ወደ ሐምራዊ የሚሄድ ቀይ ነው፤ ሁለቱን እንኳን ሃያ ዓመት የሠራ ዘበኛ ሕፃንም ይለያቸዋል። ደግሞስ ጆንያው? ስለ ጆንያው አንድ ቃል አልመለስሽም። ጆንያውን ማን እዚያ አስቀመጠው? በርሜሉ?

አባቴ ይህን ሁሉ እንድጽፍ አልፈቀዱም። ያቺ ልጅ ጠርሙሶቹን ብቻዋን ነው ያጠበችው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ደብዳቤሽ እንደዚያ እንደሚል ነገርኳቸው። ወረቀትና ብዕር ያዝ አሉኝ። ከዚህ በታች ያለው ቃላቸው ነው፤ እንዳሉት ነው የጻፍኩት።

«ልጄ ቡሽ፣ እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ። ያ ልጄ የጻፈልሽን ተይው፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። አባትሽ እጁ ላይ የነበረው የበርሜል ቀለም ነው። ጆንያውንም ሌላ ሰው ነው ያስቀመጠው። ሥራ አስኪያጁን በዓይኔ የጠቀስኩት እኔ ነኝ። ያሳበቅሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የጻፍሽው ልክ ነው፤ እሱን መልሰሽ ለጥፊው። ሰው ስቆ የሚገዛው ከሆነ ምን አስጨነቀሽ? ገበያሽን አታበላሺ።»

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ይህ ውሸት ነው፣ አልጽፍም አልኳቸው።

«ውሸት መሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ አንተም አወቅህ። ሦስተኛ ሰው ምን ያደርግልናል?» አሉኝ።

ይህን ያህል ዓመት የተሸከሙትን ስም ሊያወርዱ ደርሰው ነበር። በጠርሙስ ጀርባ፣ በአራት መስመር፣ የሚያነበው ሰካራምም ቢሆን። ይህን ነገርኳቸው። ጮኬም ይሆናል።

«ያኔም አንድ ጊዜ ተናግሬ ነው የተውኩት» አሉኝ። «ያሳበቀው ወይኑ ነው ባልኩ ቁጥር ወንድሜ ሰርቋል ማለቴ እኮ ነው። እሱ ታስሯል፤ ይህቺ ልጅ ያኔ እንዲህ የምታክል ሕፃን ናት። በየበሩ እየዞርኩ አባቷ ሌባ ነው ልበል? ዝም አይነቅዝም አልኩ። እሱ መቃብር ውስጥ ሆኖ ሌባ ከሚባል፣ እኔ እዚህ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አሳባቂ ልባል። እኔ ለምጄዋለሁ።»

ለምን ደጃቸውን አልረገጡም አልኳቸው፤ አንቺ የጻፍሽውን ነው የጠየቅኋቸው። አባትሽ ከእስር የወጣ ሰሞን መናኸሪያው ድረስ ሄደው ነበር። በሩን የከፈተላቸው አባትሽ ነው። «ልጆቹ ያሳበቀብኝ አንተ ነህ ነው የሚሉት፤ እንደዚያው ይቆይልኝ» አላቸው። እሺ ብለው ተመለሱ። በሩ ላይ የቆመው ወንድሜ ነበር ያለሽን አሁን እንደፈለግሽ አንብቢው።

ብዕሬን ካስቀመጥኩበት ወዲህ ያለውን እንድጽፍልሽ አባቴ አላዘዙኝም፤ መጻፌንም አያውቁም። ቢያውቁ ይከለክሉኝ ነበር። እኔ ግን ቃል የገባሁለት ሰው የለም።

ጠርሙሱን ትናንት ከፈቱት። ትክክለኛው እስኪመጣ መጠበቃቸውን ተዉ። አንድ ብርጭቆ ጠጡ፤ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ይኮመጥጣል አሉ። እኔ አልጠጣሁም።

ሥራዬ ስህተት ማረም ነው። አባቴ ካስጻፉኝ ውስጥ እንደምን ከረምሽ ከሚለው በቀር ልክ የሆነ ዓረፍተ ነገር የለም፤ አንዱንም አልነካሁም። ከፈለግሽ ጠርሙስ ላይ ለጥፊው። አባቴ ሰላም ብለውሻል። እኔ አላልኩሽም።

የአሳባቂው ልጅ